ሠሪው የት ይቀመጣል? ስለ ደቡብ እስያ የእጅ ባለሙያዎች ባዛር የጠየቃችሁን

የሕንድ፣ የባንግላዴሽ፣ የፓኪስታን፣ የኔፓልና የስሪላንካ የእጅ ባለሙያዎችን ለጥቂት ቀናት አንድ ጣሪያ ሥር የሚያገናኝ ባዛር ለማሰናዳት የተነሱ አንባቢዎቻችን ከዱባይ፣ ከለንደን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከሌሎች ከተሞች ጽፈውልናል። ሁሉም የሚፈልጉት ሸማቹ ዕቃ ገዝቶ ብቻ የማይወጣበት፣ ሥራው ሲሠራ የሚያይበት፣ የሚዳስስበት፣ ራሱም የሚሞክርበት ቦታ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ «ዱባይ ውስጥ ዝግጅት በሚያሰናዳ ድርጅት እሠራለሁ። አል ኩዝ ሠፈር 400 ካሬ ሜትር መጋዘን ለሦስት ቀን ይዘናል፤ 24 ባለሙያዎች ይመጣሉ። አለቃዬ መግቢያው ላይ ከፎም የተሠራ ታጅ ማሃል፣ ውስጡ የቦሊውድ ዘፈን ይፈልጋል። እኔን አልተዋጠልኝም። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ያልተዋጠልዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ዱባይ ላይ ወደዚህ ባዛር ከሚመጣው ሰው ብዙው የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። የላሆር፣ የቺታጎንግ ወይም የካትማንዱ ሰው አግራ ከተማ ባለ አንድ ሕንፃ ቅርጽ ውስጥ ራሱን አያገኝም። ጎብኚን ይዞ የሚያቆመው ሥራው ነው፦ ነሐስ የሚመታ መዶሻ፣ ከእርጥብ ጨርቅ የሚነሳ የቀለም ሽታ፣ ክር የሚለቅም ጣት። ስለዚህ መጀመሪያ ባለሙያው የት ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ ይወስኑ። ማስጌጡ ከዚያ ይመጣል።

ቦታውን እንዲህ ያከፋፍሉት። ለእያንዳንዱ ባለሙያ 2.5 በ2.5 ሜትር ይበቃዋል፤ ለ24ቱ 150 ካሬ ይሆናል። ለመተላለፊያ 120 ካሬ ይያዙ፤ ዋናው መንገድ 3 ሜትር፣ ጎን ለጎን ያሉት ከ2 ሜትር ያላነሱ ይሁኑ። ከዚያ ከጠበበ አንዱ ቆሞ ሲያይ ሌላው አያልፍም፤ የሚገፋ ሰው ደግሞ አይገዛም። ለመሞከሪያ ቦታ 60፣ ለምግብ 30፣ ለጓዳ 40 ካሬ። ጓዳው ትርፍ ዕቃ የሚቀመጥበት፣ ባለሙያው የሚያርፍበት፣ የሚሰግድበት፣ ምሳውን የሚበላበት ነው። ዝግጅቱ ሲቃረብ ይህን 40 ካሬ ለተጨማሪ መደብ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ እንዳይሰጡ። ጓዳ የሌለው ባዛር ካርቶኑን ጠረጴዛ ሥር ይከምራል፤ አሥር ሰዓት ሙሉ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ማምሻውን ማንንም ፈገግ ብሎ አይቀበልም።

መደቦቹን በአገር ሳይሆን በሥራው ዓይነት ይደርድሩ፦ ጨርቅና ቀለም፣ ብረታ ብረት፣ ሸክላ፣ እንጨትና ወረቀት። በአገር ከደረደሩ ሕንድ አዳራሹን ትውጠዋለች፤ ከኔፓል የሎክታ ወረቀት (ከቁጥቋጦ ልጥ የሚሠራ) ይዞ የመጣው አንድ ሰው ጥግ ላይ ይቀራል። ሌላም ምክንያት አለ። አጅራክ የሚባለው ሰማያዊና ቀይ የበዛበት ጨርቅ በሕንድ ካችም በፓኪስታን ሲንድም ይታተማል፤ ድንበሩ መሐል ላይ ገባ እንጂ ሙያው አንድ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብዙ ጽሑፍ የማይገልጸውን ያሳያል። ቀለም ነካሪዎች ውኃና ፍሳሽ ወዳለበት፣ መዶሻ የሚመቱት ወደ ጭነት በሩ፣ ሸማኔና ጥልፍ ሠሪዎች ከነሱ ራቅ ብለው ይሁኑ።

ጠረጴዛውን ከፊት ለፊት እንደ አጥር አያቁሙት። ከጎን በኩል አጥፈው ሁለት ጠረጴዛ ቢያስቀምጡ ጎብኚው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ባለሙያውም ከዕቃው ኋላ ሳይሆን ከዕቃው ጎን ይሆናል። ከየመደቡ አንድ ዕቃ «ይዳሰስ» ተብሎ ይታሰር፤ ያን ጊዜ የቀረው ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። መብራቱ 3000 ኬልቪን አካባቢ፣ ቀለም የማሳየት አቅሙ (ሲአርአይ የሚሉት) ከ90 በላይ ይሁን። በርካሽ አምፖል ሥር ኢንዲጎ (ሰማያዊው የተክል ቀለም) ጥቁር፣ ቀዩ ቡናማ ይመስላል፤ ገዢው ፀሐይ ላይ ሲያወጣው ሌላ ቀለም ያገኝና ይመልሰዋል።

ጣሪያው ላይ ሳሪ መዘርጋት ያምራል። አንዱ 5.5 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በመርፌ ቁልፍ አይውጉት፤ በወፍራም የእንጨት ዘንግ ላይ ያሳልፉት። የእሳት ማጥፊያ ውኃ ከሚረጭበት ቀዳዳ ሥር ቢያንስ 50 ሴንቲሜትር ክፍት ይተዉ፣ ቀዳዳውንም አይሸፍኑ። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሳሪ ሲቃጠል እየቀለጠ ስለሚንጠባጠብ ከሰው ራስ በላይ አይሰቀልም።

አለቃዎ ፎቶ የሚነሳበት መግቢያ ከፈለጉ ከታጅ ማሃሉ የሚሻል አለ፦ የአጅራክን ደረጃዎች ከአንዱ ወደ ሌላው እየተራመዱ ማየት። ሥራው ከ14 በላይ ደረጃ አለው። ከባለሙያው በየደረጃው የቆሙ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ጨርቆች አስቀድመው ይዘዙና በተራ ይስቀሉ። የመጀመሪያው በጉሎ ዘይትና በሶዳ የታጠበ ግራጫ ጨርቅ ነው። ሁለተኛው ሃርዳ በሚሉት ፍሬ ተነክሮ ቢጫ ሆኗል። ቀጥሎ ነጭ ሆኖ የሚቀረው መስመር በኖራና በሙጫ ይታተማል። ከዚያ ጥቁሩ ይመጣል፤ ቁርጥራጭ ብረት ካልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ጋር እስከ 20 ቀን ተዘፍዝፎ የሚገኝ ፈሳሽ ነው። ከዚያ ቀዩ ጨርቁን እንዲይዝ የሚያደርገው አሉም የሚባል ጨው፣ ከዚያ ኢንዲጎ፣ በመጨረሻ ቀዩን የሚያወጣው ፍላት። ጎብኚው መጨረሻው ጨርቅ ጋ ሲደርስ ዋጋው ከየት እንደመጣ በዓይኑ አይቷል። ሥሩ አንድ ጽሑፍ ይጨምሩ፦ እ.ኤ.አ. በ2001 ካችን ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የዳማድካ መንደር ውኃ ብረት ስለበዛበትና ቀለሙን ስላበላሸው፣ ብዙ ቀላሚ ቤተሰቦች ተነቅለው አጅራክፑር የምትባል አዲስ መንደር መሠረቱ። ለነሱ ውኃ ማለት ሥራው ራሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ለንደን ብሪክ ሌን አጠገብ ባለ አዳራሽ፣ ጎብኚዎች በእንጨት ማተሚያ ጨርቅ አትመው እንዲወስዱ እንፈልጋለን። ባለፈው ዓመት ሞክረነው ሁሉም ተጨማልቆ ወጣ። ምኑ ላይ ተሳሳትን?»

መልስ፦ ከጠረጴዛው፣ ከቀለም ሳጥኑ ወይም ከጨርቁ አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሦስቱም።

ባዶ ጠረጴዛ ላይ ማተሚያው ከፍ ያለ ነጥቡን ብቻ ያሳርፋል። ሰው ይህን ሲያይ ቀለም ይጨምራል፤ ያኔ ይጨማለቃል። ጠረጴዛው የማይነቃነቅ፣ 90 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ይሁን። ላዩ ላይ አንድ ንብርብር የጆንያ ጨርቅ፣ በላዩ አራት ወይም አምስት ንብርብር የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ከሁሉም በላይ ታጥቦ የተወጠረ አቡጀዲ ያድርጉና ጠርዙን ከሥር ይምቱት። በአውራ ጣት ሲጫኑት ጥቂት ሚሊሜትር ገብቶ ወዲያው መመለስ አለበት። እንደ ፍራሽ ከሰመጠ ደግሞ የተቀረጸው ጎድጓዳ ሳይቀር ቀለም ይነካል።

ማተሚያው ቀለም ውስጥ አይነከርም፤ ስህተቱ በብዛት እዚህ ላይ ነው። ሕንድ ውስጥ ጃይፑርና ባግሩ የሚያትሙ ሰዎች ጠፍጣፋ ሳጥን ውስጥ ቀለሙን ያደርጉና በላዩ የቀርከሃ ወንፊት፣ በወንፊቱ ላይ ሱፍና ስስ ጨርቅ ያነጥፋሉ። ቀለሙ ከሥር እየሰረገ ጨርቁን ያርሰዋል፤ ማተሚያው የሚነካው ያን እርጥበት ነው። እናንተ 40 በ40 ሴንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን ውስጥ አንድ ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ አነጥፋችሁ በሁለት ድርብ ሻሽ ብትሸፍኑት ይሠራል። ለአንድ ኪሎ የጨርቅ ማተሚያ ማያያዣ 50 ግራም ቀለም ይበቃል፤ ውፍረቱ ቀጠን ያለ አጥሚት ያህል ይሁን።

አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ የመጣበት ስታርች አለው፤ ቀለሙ ስታርቹ ላይ ተቀምጦ በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል። ለአንድ ኪሎ ጨርቅ 20 ግራም ሶዳ አሽና ጥቂት ሳሙና ጨምራችሁ አንድ ሰዓት ቀቅሉት፣ አለቅልቁት፣ ተኩሱት፣ 45 በ45 ሴንቲሜትር ቁረጡት። ከታተመ በኋላ ደርቆ ያለ እንፋሎት በሙቅ ካውያ አምስት ደቂቃ ይተኮሳል።

ለጀማሪ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ክፍት ንድፍ ያለው ማተሚያ ስጡ። ማተሚያው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ በመዳፍ ሥር አንዴ ይመታል፣ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ግራ ቀኝ ያወዛወዘው ሰው ጥላ ያለው ህትመት ያገኛል። ማተሚያ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አይደር፤ እንጨቱ ያብጥና ይሰነጠቃል። በጥርስ ብሩሽ ታጥቦ ጥላ ላይ ይድረቅ።

በአንድ ዙር ስምንት ሰው፣ 40 ደቂቃ፣ በቀን ስድስት ዙር ከበቂ በላይ ነው። ከ40ው አሥሩ ደቂቃ በአሮጌ ጨርቅ ልምምድ ይሁን። ባለሙያው ስድስቱንም ዙር ካስተማረ ዕቃውን የሚሸጥለት የለም፤ አንዱን ዙር እሱ፣ ሌላውን የሠለጠነ ረዳት ይያዝ። የማስተማሩም ክፍያ ከሽያጩ ተለይቶ ይከፈለው። ይህን ‹በነገራችን ላይ ታሳየናለህ› ብሎ በነፃ የማሠራት ልማድ አጥብቀን እንቃወማለን።

አጅራክን በ40 ደቂቃ እናስተምራለን ብላችሁ ማስታወቂያ አታውጡ፤ ውሸት ይሆናል። የተፈጥሮ ቀለም ለማሳየት ኢንዲጎ ይበቃል። መጠኑ 1፣ 2፣ 3 ነው፦ ለ20 ሊትር ሙቅ ውኃ 100 ግራም ኢንዲጎ፣ 200 ግራም ኖራ፣ 300 ግራም ፍሩክቶስ (የፍራፍሬ ስኳር)። ዋዜማውን ተዘጋጅቶ ይደር። ሲደርስ ፈሳሹ ቢጫ አረንጓዴ፣ ላዩ ነሐስ የመሰለ ስልባቦት ይይዛል። እርጥብ ግን የማይንጠባጠብ ጨርቅ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ሁለት ደቂቃ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲነካው ሰው ዓይን ሥር ሰማያዊ ይሆናል። ያቺን ግማሽ ደቂቃ ማንም አይናገርባት፣ ሙዚቃም አይኑር። ፈሳሹ ራሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን አየር ገብቶበታል፤ ጥቂት ፍሩክቶስ ጨምራችሁ አሙቁትና አንድ ሰዓት አሳርፉት። ኖራ ዓይን ስለሚያቃጥል መነጽርና ጓንት የግድ ነው፤ ሕፃናት በርሜሉ አጠገብ አይቁሙ።

ጥያቄ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ከባንግላዴሽ ወዳጄ ጋር ባዛር እያሰናዳን ነው፤ የጃምዳኒ (ንድፉ በእጅ የሚገባበት ስስ የጥጥ ጨርቅ) ሸማኔ ከዳካ ይመጣል። ከኛ ሸማኔ ጎን ተቀምጦ ቢሠራስ? የአዳራሹ ወለል ግን ሲሚንቶ ነው፣ ጉድጓድ አይቆፈርም።»

መልስ፦ ግሩም ሐሳብ ነው፤ ዝምድናውም የእውነት ነው። የጃምዳኒ ሸማኔም እንደ ሽሮ ሜዳው ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ነው የሚሠራው። ጥለቱም ጃምዳኒውም ከመደበኛው ማግ በላይ ለንድፉ ሌላ ማግ በእጅ እየተጨመረ ይሠራል። ጃምዳኒ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ወለሉ ካልተቆፈረ ወለሉን ከፍ ማድረግ ነው። ለእያንዳንዱ ሸማኔ 3 በ2.5 ሜትር፣ ከፍታው 80 ሴንቲሜትር የሆነ መድረክ በ18 ሚሊሜትር ፕላይውድ ይሥሩ፤ ከሥሩ በየ40 ሴንቲሜትሩ አግዳሚ ይግባ። መሐሉ ላይ ለእግር የሚሆን ቀዳዳ ይተዉ። መርገጫው ከመሬት ጋር ሳይሆን ከመድረኩ አጥንት ጋር ይታሰር፤ አለበለዚያ ሸማኔው በረገጠ ቁጥር መርገጫው ይንሸራተትና ድሩ ይዛባል። ጃምዳኒን ሁለት ሸማኔ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሚሠሩት የቀዳዳው ስፋት ለሁለት ሰው እግር ይታሰብ። አንድ ሸማኔ ብቻ ከጠሩ ግማሽ ሥራ ነው የጠሩት።

ድሩ ተስቦና ተጠቅልሎ ከዳካ ይምጣ። እዚያው እንሳበው ካላችሁ ሁለት ቀን ይበላችኋል። ትልቁ ጠላት ግን የአዳራሹ ኤሲ ነው። ይህ ክር እጅግ ቀጭን፣ በሩዝ ስታርች የጠነከረ ነው፤ ሙያው ያደገውም በሺታላክሽያ ወንዝ ዳር፣ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ነው። ደረቅ አየር ሲነካው ክሩ ይሰባበራል፤ ሸማኔው ቀኑን ሲቀጥል ይውላል። የኤሲውን አፍ ወደ ሌላ ያዙሩ፣ ከሽመናው በታች የእርጥበት ማሽን ያስቀምጡ፣ አየሩ ከ60 በመቶ እርጥበት እንዳይወርድ ይከታተሉ።

ጃምዳኒ በቀን ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፤ አምስት ደቂቃ የቆመ ጎብኚ ምንም ያልተሠራ ይመስለዋል። ስለዚህ በየጠዋቱ ሥራ ሲጀመር ጠርዙ ላይ አንድ ቀይ ክር ይቋጠር። በሦስተኛው ቀን የመጣ ሰው በሁለት ቋጠሮ መሐል የአንድ ቀን ልፋት ምን ያህል እንደሆነች በጣቱ ይለካል። ከሸማኔዎቹ ራስ በላይ መስታወት አጋድማችሁ ብትሰቅሉ ከኋላ የቆመውም እጃቸውን ያያል።

ጥያቄ፦ «እጣን፣ ሻማ፣ ቅመም፣ ሙዚቃ… ምኑን ልጨምር ምኑን ልተው?» (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ እጣንና ምግብ ከጨርቅ ይራቁ፤ ፓሽሚና (ስስ የፍየል ሱፍ) እና ሐር ሽታ ከያዙ በቀላሉ አይለቁም፣ የሚጠበስ ዘይት ደግሞ ይባስ። መግቢያው ላይ የጃስሚንና የማሪጎልድ አበባ ጉንጉን ይበቃል። የሸክላ ኩራዝ የሚያምረውን ያህል አደገኛ ስለሆነ በባትሪ መብራት ይተኩት። ሙዚቃ ካለ ሰው ድምፁን ሳያነሳ ዋጋ መጠየቅ የሚችልበት ልክ ይሁን፤ ሽመናና መዶሻ ባለበት ግን ባይኖር ይሻላል። ደጃፍ ላይ በሩዝ ዱቄት የሚሳለውን ንድፍ ከመተላለፊያው ጎን ያድርጉት፤ ተረግጦ ሲጠፋ የሳለችው ሴት ፊት ላይ የሚታየው ቀላል አይደለም። የአማልክት ምስል ያለበትን ጨርቅ መሬት ላይ አያንጥፉ። ምግቡ ላይ ሥጋ ለነካና ላልነካ ዕቃው፣ ጭልፋው፣ ዘይቱ ሁሉ ይለይ፤ የጾም ምግብ ያበሰለ ሐበሻ ይህን ለማስረዳት ሁለት ቃል አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ «ጉምሩክ ላይ ዕቃ እንዳይያዝብን፣ አስመስሎ የተሠራም እንዳይገባብን ምን እናድርግ?» (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ኤቲኤ ካርኔ የሚባለው ሰነድ ለማሳያ ገብቶ ለሚመለስ ዕቃ ነው፦ ለሽመና ዕቃ፣ ለማተሚያ፣ ለማይሸጥ ናሙና። የሚሸጠውን በሱ አታስገቡ፤ ለዚያ ቀረጥ ተከፍሎበት የሚገባበት ሌላ ሰነድ ያስፈልጋል። ባንግላዴሽና ኔፓል በዚህ ሥርዓት ውስጥ ስላልሆኑ ከነሱ ለሚመጣው ቀደም ብላችሁ ከአስተላላፊ ጋር ተነጋገሩ። ሻህቱሽ የሚባል ሻርፕ ከነጭራሹ አይገባም፤ በዓለም አቀፍ ሕግ ከተከለለ ዱር እንስሳ የሚገኝ ነው። ከሺሻም እንጨት የተሠራ ዕቃም እንደ ክብደቱ የፈቃድ ወረቀት ሊጠየቅበት ይችላል። የመዳብ ድስት ከሸጣችሁ ውስጡ በቆርቆሮ የተለበጠ መሆኑን አረጋግጡ፤ ያልተለበጠ መዳብ ላይ ጎምዛዛ ምግብ አይበስልም።

አስመስሎ የተሠራውን ለመለየት ጨርቁን ገልብጡት። በእጅ የተሠራ ጃምዳኒ ጀርባው ላይ ንድፉ ካለበት ቦታ ውጭ የሚንጠለጠል ክር የለም፤ የማሽኑ ግን ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የተሻገረ ወይም የተከረከመ ክር ይታይበታል። በእንጨት የታተመ ጨርቅ ላይ ማተሚያው ሲደጋገም መገናኛው ላይ ትንሽ መደራረብ ወይም ክፍተት ይገኛል። ፍጹም እኩል ከሆነ ተጠራጠሩ።

ጥያቄ፦ «ሰው ሁሉ ‹ቀንስ› ይላል። ባለሙያዎቹ ቋንቋ ስለማይችሉ በመጨረሻው ቀን በግማሽ ዋጋ ሸጠው ሄዱ። እንዴት እንከላከል?» (ከዱባይ)

መልስ፦ ሸማኔን፣ ቀጥቃጭንና ሸክላ ሠሪን በሥራው ሲንቅ የኖረ አገር ልጆች ስለሆንን ይህ ጉዳይ ይቆረቁረናል። እዚያም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ሥራው ይወደዳል፣ ሠሪው ይናቃል።

በየዕቃው ላይ ካርድ ይኑር፦ ባለሙያው ከፈቀደ ስሙ፣ መንደሩ፣ ጥሬ ዕቃው፣ የወሰደው የሥራ ቀን፣ ዋጋው። «6 ቀን» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው ግማሹን ለመጠየቅ ያፍራል። ዋጋ የማይቀነስ መሆኑ በር ላይ በአረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሂንዲና በኡርዱ ይጻፍ። መከራከር የለመደ ገዢ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ምርቃት ያዘጋጁለት፤ ከማተሚያ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ፣ አንድ የሎክታ ወረቀት ፖስታ። ለሁለት መደብ አንድ አስተርጓሚ ይመደብ፤ አስተርጓሚው ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን አይኑረው።

ከርቀት ከመጣ ባለሙያ የቦታ ኪራይም የሽያጭ ድርሻም አብሮ መውሰድ ተገቢ አይደለም፤ አንዱን ይምረጡ። ዴልሂ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተው ዲሊ ሃት ባለሙያዎችን በየ15 ቀኑ በአነስተኛ ኪራይ እያፈራረቀ፣ ከጎብኚው ደግሞ የመግቢያ ትኬት ያስከፍላል። የሦስት ቀን ባዛርም በዚሁ ሒሳብ ሊሄድ ይችላል። ሽያጩ በአንድ ካሽ ከተሰበሰበ በየማታው እየተቆጠረ ባለሙያው ይፈርምበት፣ ገንዘቡም ከአዳራሹ ሳይወጣ ይከፈለው። «እንልክልሃለን» አይባልም።

ጥያቄ፦ «መቼ ቢሆን ይሻላል?»

መልስ፦ ከዲዋሊ (የሂንዱዎች የብርሃን በዓል) ሳምንትና ከረመዳን ጋር እንዳይገጥም ቀኑን አስቀድመው ይዩ፤ ብዙዎቹ የአጅራክና የጃምዳኒ ባለሙያዎች ሙስሊም ናቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ ዲዋሊን ቤታቸው ማክበር ይፈልጋሉ። የባሰው ግን ዝናቡ ነው። እዚያም ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ስለማይደርቅ የማተም ሥራው ይቀዘቅዛል። ለኅዳር ባዛር የሚሆን ጨርቅ እስከ የካቲት መጨረሻ መታዘዝ፣ ግማሽ ክፍያውም አብሮ መላክ አለበት፤ ክርና ቀለም የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነው።